የየኔታ ክንፉ ገብስ

ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ይህን ታሪክ ጀግና ሆኜ የምወጣበት አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ። ካደጉ በኋላ «አባባ፣ ያንን የሕንዱን መምህር ታሪክ ድገምልን» ሲሉኝ ሥራ እንደረሳ ሰው ተነስቼ ከቤት መውጣት አመጣሁ። እናንተ የምታነቡት ለእነሱ ያልነገርኳቸውን ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትንቁኝ አልቀየማችሁም፤ እኔ ቀድሜያችኋለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በመካነ ሰላም የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምር ነበር። በጭቃ አገር ጫማዬን በቀን ሁለቴ የምወለውል፣ ክራባት አስሬ ገበያ የምወጣ፣ እንግሊዝኛ በመላው የወሎ ቦረና ከእኔ በላይ የሚችል የለም ብዬ የማምን ጎረምሳ ነበርኩ። ፍላጎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ደሴ መዛወር። ደሴ መብራት አለ፣ ሲኒማ አለ፣ ሰው አለ። ያደግሁበትን አገር ሰው ያኔ ሰው ብዬ አልቆጥረውም ነበር ማለት ነው፤ ይህንንም ዛሬ ስጽፈው ነው የገባኝ።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ሦስት ሰዓት በምታስኬድ አጥቢያ ውስጥ ነው። አባቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ የክርስትና አባቴ የኔታ ክንፉ ናቸው። አርሰው ያድራሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው የአጥቢያውን ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ። እንደምታውቁት ሕፃን ክርስትና ሲነሳ ራሱ መናገር ስለማይችል ሰይጣንን የሚክደው፣ ሃይማኖቱን የሚመሰክረው የክርስትና አባቱ ነው። የኔታ ይህን አንስተው ሁልጊዜ ይቀልዱብኝ ነበር።

«እኔ ስለ አንተ ቆሜ ስምል፣ አንተ እጄ ላይ ሸናህብኝ» ይሉኛል። «ግድ የለም፤ አንድ ቀን አንተም ስለ እኔ ትናገራለህ።»

በትምህርት ቤታችን ሂሳብ የሚያስተምር ሚስተር ሮይ የሚባል ሕንዳዊ ነበር። አገሩ ቤንጋል ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጃንጥላውን በበጋም የማይለይ ሰው። ተማሪዎቼን ስለ ታዳጊ አገሮች ኢኮኖሚ ላስተምር ስዘጋጅ መጽሐፉ ላይ ያለው ስለ ሕንድ ሁለት ገጽ ብቻ ሆነብኝና ወደ እሱ ሄድኩ። ሁለት ገጽ ፍለጋ ሄጄ አንድ ወር ሙሉ አስተማረኝ ማለት ይቻላል። ከሥራ በኋላ መምህራን ክፍል ተቀምጠን ስለ መሬት ከበርቴዎቻቸው፣ ስለ ባቡሩ፣ ከነፃነት በኋላ መንግሥት ስለከፈተው ሱቅ ይነግረኛል። ድሃው ካርዱን ይዞ እየሄደ በተወሰነ ዋጋ ሩዝና ስንዴ ይገዛል። ሱቁ አንዳንዴ ባዶ ነው፤ ባለሱቁም ሌባ ሊሆን ይችላል።

«ግን ባዶ ሲሆን ሰው ይጮኻል» አለኝ። «ጋዜጣ ይጽፋል። በምርጫ የሚፈራ ባለሥልጣን አለ። ድህነታችን ዛሬም አለ፤ መደበቁ ግን ከብዷል።»

«በፊትስ?»

«በፊት እኔ ልጅ ሳለሁ በእንግሊዝ ጊዜ ነበር። ነጋዴው ቤት ሩዝ ነበረ፤ የሚገዛበት ያጣው ሰው ግን መንገድ ላይ ይሞት ነበር። አንድ ቀን መንደራችንን ሊያዩ ሹማምንት መጡ። አያቴ ኩሩ ነበር። እንግዳ ባዶ አፉን አይሄድም ብሎ የቀረችንን ሩዝ አስቀቀለላቸው። በሉ፣ አመሰገኑ፣ ‹በዚህ መንደር ችግር የለም› ብለው ጻፉ። በዚያው ወር ሁለት እህቶቼን ቀበርን።»

ይህን የነገረኝ በግንቦት ስልሳ አምስት፣ ዓርብ ቀን ነው። ቀኑን የማልረሳው በማግሥቱ በሠራሁት ምክንያት ነው።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቷል። ከቆላው የተነሱ ሰዎች በመካነ ሰላም ገበያ ጥግ እየተቀመጡ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ጮክ ብሎ መናገር ግን እንደ ብልግና ይቆጠር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የወረዳው ገዢ ፊታውራሪ አስጠሩኝ። ሁለት ሹማምንት ከላይ፣ ከእነሱም ጋር አንድ ፈረንጅ አገሩን ሊያዩ ስለሚመጡ እሑድ በተወለድኩባት አጥቢያ እንደሚቀበሏቸው ነገሩኝ።

«የአገሩ ልጅ ነህ፤ ሂድና ለሕዝቡ ንገር» አሉኝ። «እንግዳ ይመጣልና ከየቤቱ ይውጣ። ጠላውና በጉ ከአጥቢያው ባላባት ቤት ነው፤ እንጀራው ያማረ ይሁን። ፈረንጁ የአገሩ ልጅ ይተርጉምልኝ ብሏል፤ የምትተረጉመውም አንተ ነህ። ዘውዱ፣ ገመናችንን ለፈረንጅ ዘርግፎ የሚሰጥ ልጅ አላሳደግንም፤ አይደለም? ስለ ደሴው ዝውውርህ ለወዳጄ ነግሬዋለሁ።»

«አዎ ጌታዬ» አልኩ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።

የኔታ ቤት ስደርስ ባለቤታቸው እማ ውዴ ደጅ ላይ የጎመን ሥር ይልጣሉ። ጎመኑ ካለቀ በኋላ የሚበላውን ሥር ማለቴ ነው። መልእክቱን ስናገር ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ምን ይዘን ነው የምንቀበለው? ከዘሩ በቀር በዚህ ቤት ምን አለ?»

ዘሩ አንድ ቁና የማይሞላ ገብስ ነበር፤ ለሰኔ ተብሎ በከረጢት ታስሮ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ከረጢት በየቤቱ ነበር። ሰው ከብቱን ሸጦ፣ ሥር እየቆፈረ የማይነካው እሱን ነው። የሚስተር ሮይ አያት ትዝ አሉኝ። ትናንት ነበር የሰማሁት። «የኔታ፣ ይቅርብዎ፣ አይንኩት» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት እፍቅ ጀመር።

የኔታ ቀና ብለው ከረጢቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አብሽሪ ውዴ» አሉ። «እንግዳ ጦሙን ሰዶ ማነው በአገሩ የሚኮራ? ደግሞ ሰው በልቶ ነው የሚሰማ። በልተው ሲያበቁ ችግራችንን እነግራቸዋለሁ። ድሮ ቢሆን በምን አፌ? አሁን ቋንቋቸውን የሚያውቅ ልጅ አለኝ። ዘውዱ ካለ ምን ቸገረኝ።»

ከረጢቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቁመታቸው አልደርስ ብሏቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንግዶቹ ደረሱ። መንገዱ ላንድሮቨሩን አላሳልፍ ስላለ የመጨረሻውን በበቅሎ ነው የመጡት። ዳስ ተጥሏል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ፊታውራሪ «ፈረንጅን ፈረንጅ ያጫውተዋል» ብለው ሚስተር ሮይንም ጋብዘውት ነበር፤ ጃንጥላውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የአጥቢያው ሰው ያለውን ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ የሌለው ከጎረቤት ተውሶ ቆሟል። በጣም የደከሙትን እቤት አስቀሯቸው፤ እንግዳ እንዳያያቸው። ማንም አላዘዘም። ሰው በራሱ አፍሮ ነው ያደረገው።

ከየቤቱ ከወረደው የዘር ገብስ የተጋገረው እንጀራ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የባላባቱ በግ ታረደ። እንግዶቹ ጥሩ አድርገው በሉ። አስተናጋጆቹ፣ እማ ውዴም ከነሱ ጋር፣ እንጀራውን ሲያነሱ ፍርፋሪውን ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አየሁ። እኔም በላሁ። ከጎናቸው ተቀምጬ፣ ጠግቤ ነው የበላሁ።

ፈረንጁ አፉን ጠርጎ ማስታወሻውን አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ ጨዋ ነበር።

«ከገበሬዎቹ አንዱ ቢያናግረኝ ደስ ይለኛል» አለኝ።

የኔታ ክንፉ ከሰው መሃል ወጡ። ኩታቸውን አጣፉ፣ እጅ ነሱ። ጠዋት ቅዳሴ ላይ ሲለማመዱት ቆይተው ሳይሆን አይቀርም፤ ቃላቸው አልተደናቀፈም።

«ጌታዬ፣ እንኳን ደህና መጡልን። ያቀረብንልዎ ገብስ ለሰኔ ልንዘራው ያስቀመጥነው ነበር። የበሉት ዘራችንን ነው። ሌላ የለንም፤ ይህን የምለው ልናስቀይምዎ አይደለም። እዚህ ያልመጡ፣ እቤት የተኙ ሰዎች አሉን። የምንበላውን ባይልኩልን እንኳ የምንዘራውን ይላኩልን።»

ፊታውራሪ ጺማቸውን ያዙና ወደ እኔ ዞሩ። ፈረንጁ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

አፌን ስከፍት እውነቱን ልናገር ይሁን ውሸቱን አላውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔም ራሴን ለማሳመን ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ። አውቅ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ያቀረብንላችሁ የገዛ እርሻችንን ገብስ ነው። ዝናቡ ትንሽ ቢዘገይም ለሰኔ የምንዘራው አለን ይላል።»

ከላይ የመጡት ሁለቱ ሹማምንት ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። አማርኛውንም ሰምተዋል። ሁለቱም ወደ ጠላቸው አጎነበሱ። ፈረንጁ ግን ይጽፋል።

«ዘውዱ!» የሚል ድምፅ መጣ። ሚስተር ሮይ ቆሟል። በአራት ዓመት ውስጥ የለቃቀመው አማርኛ የገበያ ብቻ ነው፤ ግን ገበያ የሚወጣ ሰው ሁለት ቃል አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ሰውዬው ‹ዘር› ብሏል። ‹የለንም› ብሏል። አንተ ‹አለን› አልህ።»

ፈረንጁ ብዕሩን አቆመ። «አለመግባባት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በቃ፣ ያ ነበር ጊዜው። እግዜር ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ሳቅሁ።

«ሚስተር ሮይ የሂሳብ መምህር ነው» አልኩ። «አማርኛው ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃዋል።»

ሹማምንቱ ሳቁ። ፈረንጁም ፈገግ አለ። የኔታ ክንፉ ሁሉም ሲስቅ አዩና አብረው ሳቁ። ንግግራቸው የሰመረላቸው መስሏቸው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። ያ ሳቅ ዛሬም አይለቀኝም።

ሚስተር ሮይ ጃንጥላውን አንስቶ ከዳሱ ወጣ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የኔታ በሁለት እጃቸው እጄን ያዙኝ። «ምን አሉ?»

«እናያለን ብለዋል» አልኩ።

«እግዜር ይስጥህ። አፍ ሆንህልኝ።»

ዝውውሬ በሰኔ መጀመሪያ መጣ። የሚስተር ሮይ ውል ደግሞ አልታደሰም። ከዚያች እሑድ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው ያናገረኝ፤ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ «አያቴ አላወቀም ነበር፤ አንተ ግን ነግሬህ ነበር» ብሎኝ አለፈ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በሰኔ ዝናቡ መጣ። በጊዜው፣ በደንቡ መጣ። ደሴ ላይ ሆኜ የቆርቆሮውን ድምፅ ስሰማ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከምሰሶው ላይ ያወረድኩት ከረጢት ትዝ አለኝ። አጥቢያችን ያን ክረምት እርጥብ መሬት ይዛ የሚዘራ አጥታ ከረመች። የኔታ ጎረቤት ባዋሳቸው በሬ አርሰው፣ ያረሱት ዳር ተቀምጠው ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ ያዩ ነበር አሉ። በነሐሴ ሞቱ። እኔ የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ አብዮት ፈነዳ። የመሬት አዋጁን ለገበሬው ልናስረዳ ካኪ ለብሰን ስንወጣ እኔም ወደ አጥቢያችን ተመደብኩ። በዚያው ዳስ በነበረበት ሜዳ ላይ ቆሜ ስለ ፊውዳሎች ግፍ ስናገር፣ ሕዝቡ ሲሞቅ፣ እኔም ስሞቅ፣ አፌ አመለጠኝ ልበል? አላመለጠኝም። «የኔታ ክንፉ የተናገሩትን እውነት ፊታውራሪ እያፈጠጡብኝ ለፈረንጁ ቃል በቃል ተናግሬያለሁ! የቀበሩት እነሱ ናቸው!» አልኩ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ጓደኞቼ እጄን ወደ ላይ አነሱልኝ።

እማ ውዴ ከሴቶቹ ዳር ቆመው ነበር። አላጨበጨቡም። ሲበተን መጥተው ጉንጬን ሳሙኝና «ብዙ ተናገርህ፤ ጉሮሮህ ደርቋል፣ ውሃ ጠጣ» ብለውኝ ሄዱ። ኀዘን ያደከማቸው መሰለኝ።

በዚያ ዓመት ከመሬት ድልድል የደረሳቸው ማሳ ሲታጨድ፣ መልእክተኛ በከረጢት ገብስ ይዞልኝ መጣ። አንድ ቁና የማይሞላ። በሚቀጥለውም ዓመት መጣ። በሚቀጥለውም። ምስጋና ነው ብዬ ተቀበልኩ። ልብ በሉ፣ በላሁት። ባለቤቴ በሶ አድርጋው «የክርስትና እናትህ እንዴት ያለች ደግ ናት» ስትለኝ «አዎ» እል ነበር። የሰው ልጅ ስንቱን መዋጥ እንደሚችል በራሴ ጉሮሮ ነው ያወቅሁት።

ሰባ ሰባት ረሃቡ ሲመለስ እኔ መካነ ሰላም ተመልሼ ርእሰ መምህር ሆኜ ነበር። በዚያ ዓመት አይልኩም ብዬ ነበር። መልእክተኛው ግን መጣ። የነጠላ ቁራጭ ጫፉ ተቋጥሮ ሰጠኝ። ፈታሁት፤ አንድ እፍኝ ገብስ። ይህንን አልበላሁትም። ካለኝ ራሽን ስንዴ የምችለውን ያህል በጀርባዬ ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ።

እማ ውዴ በዚያው ቤት ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ከስተው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ስንዴውን አስቀምጬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እማ፣ ዋሽቻለሁ። የየኔታን ቃል አልተናገርኩላቸውም። ዘር አለን ብያለሁ።»

ስንዴውን ዘግነው አዩና መልሰው አፈሰሱት።

«ተነስ» አሉኝ። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ሳምንት። ሕንዱ መጥቶ ነበር። እንደ አንተ ስንዴ ተሸክሞ። እዚህ ተቀምጦ በዚያች በሰባራ አማርኛው ‹ዘውዱ፣ «አለ» አለ፤ ዘውዱ ዋሸ› እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጥቂቷን ብንዘራት አፈሩ አልወደዳትም፣ አልበቀለችም፤ የቀረውን በላን።»

«የኔታስ? ያውቁ ነበር?»

«እዚሁ ነበር፤ ሰምቷል። መንገድ መንገዱን ሲያይ የነበረ እኮ እህሉን አልነበረም። ‹ልጁ ይመጣል፤ መጥቶ ራሱ ይነግረኛል› ይል ነበር። አልመጣህም።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ገብሱን ለምን እንደሚልኩልኝ ጠየቅሁ መሰለኝ።

«ሲሞት አደራ አለኝ» አሉ። «‹እኔ ስለ እሱ ምዬ ነበር፤ መሐላዬ ላይ ነኝ። ዘር ባገኘሽ ጊዜ ከዘሩ አካፍይው፤ አንድ ቀን ጉሮሮው ላይ ይቆማል› አለ። እኔ እንደሱ ደግ አይደለሁም፤ አደራ ሆኖብኝ ነው የላክሁት። በዚያ ሜዳ ላይ ቆመህ ስትዋሽ በድንጋይ ልልህ አስቤ ነበር።»

«አሁንስ ይቅር ይሉኛል?»

«የኔን ይቅር ብያለሁ፤ ይኼው ስንዴህንም እበላለሁ። ግን ለኔ አይደለም የዋሸኸው። ለዚያ ለፈረንጅ ነው፣ ለዚያ ላጨበጨበ ሰው ሁሉ ነው። ለነሱ ተናገር።»

«እናገራለሁ» አልኳቸው። አልተናገርኩም። ጊዜው አይደለም አልኩ፤ መንግሥት ተቀየረ፣ አሁንም አይደለም አልኩ። ልጆች አሉኝ፣ ስም አለኝ አልኩ። እማ ውዴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ፤ ገብስ ግን አልላኩም። አደራቸውን ጨርሰዋል።

አንባቢዎቼ፣ አንድ አስተማሪ በትክክል ቢተረጉም ኖሮ የወሎ ረሃብ ይቀር ነበር አልላችሁም። እንዲህ ማለትም ሌላ ትዕቢት ነው። ሁለቱ ሹማምንት አማርኛ ይሰሙ ነበር። ግን የዚያች አጥቢያ ሰው ዘሩን ለእንግዳ ያበላው ተሞኝቶ አይደለም። ሊሰማ ብሎ ነው። አንድ አፍ ነበረው፤ ያ አፍ እኔ ነበርኩ። ከሚስተር ሮይ ስለ አገሩ ፖለቲካና ኢኮኖሚ አንድ ወር ተምሬ፣ ፈተናው በማግሥቱ ሲመጣ ወደቅሁ። ልጆቻችሁን የፈለጋችሁትን ቋንቋ አስተምሯቸው፤ የማን አፍ እንደሆኑ ግን አብራችሁ ንገሯቸው።

አሁን ሰባ አምስት አልፎኛል። ያ ፈረንጅ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከዚያ ሜዳ ካጨበጨቡት ግን ዛሬም አሉ፤ ልጆቼም አሉ። የክርስትና አባቴ በማልናገርበት ቀን ስለ እኔ ተናግረዋል። እኔም ዘግይቼ፣ እሳቸው ያሉትን ያለ አንዳች ጭማሪ ይኼው እናገራለሁ፦

ጌታዬ፣ የበሉት ዘራችንን ነው።